የጉልበትን ጫና በእርምጃ ላይ ለመለካት፦ ዓይን፣ ስልክ፣ ሴንሰር ወይስ ሙሉ ላብ (ላብራቶሪ)?

ሰሜን ሸዋ ለጉልበት የሚራራ አገር አይደለም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከመንዝ ደጋ ወደ ቆላው ገበያ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱ ይጠብቃል። ገበያውም፣ ለቅሶውም፣ ጸበሉም በእግር ነው። ዕድሜ ሲገፋ «ጉልበቴን፣ ጉልበቴን» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ጽሑፍ ስለ መድኃኒት አይደለም። ስለ መለካት ነው። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የሚሳሳበት በሽታ፣ ያለበት ሰው ሲራመድ መገጣጠሚያው ላይ ምን ያህል ጫና ያርፋል? ይህን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በምን ይለካ? ጥያቄው ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። አንዱ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ሁለተኛው መመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ነው። ሦስተኛው «አዲስ አበባ ወስደን በማሽን እናስመርምራቸው እንዴ?» የሚል ቤተሰብ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከውጪ ሆኖ የጉልበትን የውስጥ ጫና በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ የለም። ሁሉም ይገምታል። የሚለያዩት በሚገምቱት ነገርና ግምቱ በሚያስተማምንበት ልክ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት «ቁጥሩ ቢመጣ ምን እቀይራለሁ?» ማለት ይቀድማል። መልስ ካጣችሁ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

ጫና ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከውጪ የሚያነብ የለም አልኩ። ከውስጥ የሚያነብ ግን አለ። በርሊን በሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ ሴንሰር ቀብረው፣ ንባቡን ያለ ሽቦ ሲቀበሉ ቆይተዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የአምስት ሰዎችን ውጤት አሳተሙ። ሜዳ ላይ ሲራመዱ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ኃይል በአማካይ የሰውነት ክብደታቸውን 261 በመቶ ያህል ሆነ። ደረጃ ሲወጡ 316፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ 346 በመቶ ደረሰ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ሜዳ ላይ ወደ 157 ኪሎ፣ ደረጃ ሲወርድ ወደ 208 ኪሎ ማለት ነው። በሁለት እግራቸው ዝም ብለው ሲቆሙ እንኳ አንዱ ጉልበት የተሸከመው የክብደታቸውን ግማሽ አልነበረም። ሙሉውንና ትንሽ ትርፍ ነበር።

ትርፉን የሚያመጡት ጡንቻዎች ናቸው። እግር መሬት ሲረግጥ ጉልበት እንዳይከዳ የጭን ጡንቻ ይጎትታል። ሲጎትት መገጣጠሚያውን አብሮ ይጨምቀዋል። ይህን ያዙልኝ፤ የብዙዎቹ መሣሪያዎች ድክመት እዚህ ላይ ነው። መሬት ላይ የሚያርፈውን ኃይል መለካት ይቻላል። ጡንቻ የሚጨምረውን ግን መሬት አይናገርም።

የበርሊኑ ንባብ የራሱ ገደብ አለው። የተለካው ጉልበቱ በተቀየረለት ሰው ላይ ነው። የታመመው ልም አጥንት ወጥቶ ብረትና ፕላስቲክ ገብቷል። ስለዚህ ሌሎች መለኪያዎች የሚመዘኑበት ማመሳከሪያ ነው እንጂ፣ ለእናታችሁ የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም።

ሌላም አለ። ጫናው ጉልበት ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። ስንራመድ ወደ ውስጠኛው ጎን፣ ማለትም ከሌላው ጉልበት ጋር ወደሚተያየው ጎን፣ ይበዛል። ኦስቲዮአርትራይተስም አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በዚሁ በኩል ነው።

ሁሉም የሚጠራው ቁጥር

በዚህ ጉዳይ የተጻፈ ማንኛውንም ጥናት ብትከፍቱ «የጉልበት አዳክሽን ሞመንት» የሚል ታገኛላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እግር መሬት ሲረግጥ መሬት መልሶ ይገፋል። የግፊቱ መስመር አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት መሐል ሳይሆን በውስጥ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ጉልበትን ወደ ውጪ ሊያጎብጠው ይሞክራል፤ ውስጠኛውን ጎንም ይጨምቃል። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፉት እምቢ እንደሚል፣ ከጫፉ ሲገፉት ግን እንደሚከፈት፣ እዚህም የግፊቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ከጉልበት መሐል ያለው ርቀት ይወስናል። ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ ሞመንቱ ይገኛል።

ይህ ቁጥር ክብሩን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ጥናት 74 ሕሙማንን ለስድስት ዓመት ተከታትሎ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሞመንታቸው ከፍ ያለው በሽታቸው የመባባስ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ክትትል ከልም አጥንት መሳሳት ጋር የተያያዘው የሞመንቱ ጫፍ (ከፍተኛው መጠን) ሳይሆን እግር መሬት ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የተጠራቀመው ድምር መሆኑን አሳየ። ይህ ድምር ኢምፐልስ ይባላል። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ጫፉ ዝቅ ሊል ይችላል፤ እግሩ መሬት ላይ ስለሚቆይ ግን ድምሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጫፉን ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ግማሹን ነው የሚነግራችሁ።

ከሁሉም በላይ ቆም ሊያደርገን የሚገባው የ2010 ውጤት ነው። ሴንሰር ያለው ሰው ሠራሽ ጉልበት የተገጠመለት አንድ ሰው አረማመዱን ሲቀይር አዳክሽን ሞመንቱ ቀነሰ፤ የውስጠኛው ጎን ጫና ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። ምክንያቱም ጉልበት ሲታጠፍ የሚፈጠረው ሌላው ሞመንት፣ ፍሌክሽን ሞመንት የሚባለው፣ ጨምሮ ነበር። እናም አንዱን ሞመንት ብቻ ይዞ «ጫና ቀነስኩ» የሚል ሪፖርት ሲገጥማችሁ ሌላውን ጠይቁ።

ዓይንና አንድ ስልክ

አብዛኛው ክሊኒክ ያለው ይኼ ነው። እኔም ብሆን ከዚሁ ነው የምጀምረው። ሕመምተኛው ወደ እናንተ ሲራመድ ከፊት ተመልከቱ። እግሩ መሬት ረግጦ ክብደት ሲቀበል ጉልበቱ በድንገት ወደ ውጪ ፈንጠር ብሎ ይመለሳል? ቫረስ ትረስት የሚሉት ይህ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይህ የታየባቸው ጉልበቶች የውስጠኛው ጎን በሽታቸው የመባባስ ዕድሉ በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ብቻ የሚታይ ምልክት ነው። ስንቱ ውድ ዕቃ ይህን ያህል ይነግረናል?

ቀረጻው ግን ወግ አለው። ስልኩን እጅ ላይ አትያዙ። በጉልበት ቁመት ልክ በርጩማ ላይ አስደግፉት። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ቅረጹ። ስሎው ሞሽን ካለው ተጠቀሙበት። ሌንሱ ወደ ጎን ካዘነበለ ቀጥ ያለውም ጉልበት የጎበጠ ይመስላል።

ልብሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቀሚስ ጉልበትን ይሸፍናል፤ ጋቢ ዳሌንና ትከሻን ይደብቃል።

«እማማ፣ ቀሚሱን እስከ ጉልበትዎ ድረስ ከፍ ያደርጉልኛል?»

«በዚህ ብርድ ልጄ? እሺ፣ በሩን ዝጋውና።»

በሩን ዝጉ። ሴት ባልደረባ ካለች እሷ ትቅረጽ። ፊት አይግባ። ቪዲዮው ለምን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የደብረ ብርሃን ጠዋት የቀዘቀዘ እግር ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ትንሽ አሙቁት፤ ጉልበቱ ተገትሮ የተቀረጸ እርምጃ የሰውየው የዘወትር እርምጃ አይደለም።

ከአንድ ካሜራ ቪዲዮ ማዕዘን መገመት ይቻላል። ኃይል ግን የለውም። አንድ ቪዲዮ ተቀብሎ «የጉልበትዎ ጫና ይህን ያህል ነው» የሚል አፕ ካያችሁ እለፉት።

ሰዓትና ወንበር

ይህ ጫና አይለካም። እዚህ ያስገባሁት ብዙ ሰው ስለሚያምታታው ነው። 40 ሜትርን በፍጥነት መራመድ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት፤ እነዚህ የሚነግሩን ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ለሕክምና ውሳኔ ግን ከጫና ቁጥር ይልቅ የሚጠቅሙበት ጊዜ ይበዛል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ ስድስት ደቂቃ የሚራመድ ሰውን ሊያቆመው የሚችለው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹም ነው። ሰውን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር አወዳድሩ።

የጫማ ውስጥ ሴንሰር

ሶል መስሎ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ እግር ወደ መሬት የሚጫነውን ያነባል። ለመጠቀም ቀላል ነው፤ ውጤቱም ስልክ ላይ ይታያል። «የሚያመውን እግር ምን ያህል ከክብደት ይቆጥባል?» ለሚል ጥያቄ ጥሩ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት እንዲቀንስ ለታዘዘ ሰውም ይሆናል።

ችግሩ የሚያነበው ወደ ታች የሚያርፈውን ኃይል ብቻ መሆኑ ነው። ርቀቱን አያውቅም። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሲረግጥ ወገቡን ወደዚያው ጎን ዘንበል ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ሲያደርግ የግፊቱ መስመር ወደ ጉልበቱ መሐል ይጠጋና አዳክሽን ሞመንቱ ይቀንሳል። ሶሉ ግን ብዙ ለውጥ ላያይ ይችላል። ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የጫና ጥናት ብቻውን አልመርጠውም።

ሰውነት ላይ የሚታሰር ሴንሰር

የክብሪት ቀፎ ያህል ዕቃ ነው። ጭን፣ ባት፣ የእግር ጫፍ እና ወገብ ላይ ይታሰራል። የፍጥነት ለውጥንና መዞርን ያነባል፤ ከዚያ የመገጣጠሚያው ማዕዘን ይሰላል። ለሰሜን ሸዋ ያለው ትልቅ ጥቅም ሰውየውን ወደ ወለል አለማምጣቱ ነው። ወደ መንገዱ ይሄዳል። የአንኮበርን ቁልቁለት በላብራቶሪ ወለል ላይ ማምጣት አይቻልም፤ ሴንሰሩን አስሮ ቁልቁለቱን መውረድ ግን ይቻላል። የእርምጃ ብዛትም ይሰጣል። የቀኑ ጫና በአንድ እርምጃ ያረፈው ብቻ አይደለም፤ በእርምጃው ቁጥር የተባዛው ነው። ትንሽ ሞመንት ያላት፣ ግን ቀኑን ሙሉ ውኃና እንጨት ስትቀዳና ስትለቅም የምትውል ሴት፣ ከፍ ያለ ሞመንት ካለው ቁጭ ብሎ ከሚውል ነጋዴ የበለጠ ጫና ልትሸከም ትችላለች። ይህን ላብ አያሳያችሁም።

ሞመንትን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሴንሰሩ ኃይል አያነብም። አሁን አሁን በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በብዙ ምሳሌ በማሠልጠን፣ ሞመንቱን የሚገምቱ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ሞዴሉ የሠለጠነው በማን እርምጃ ላይ ነው? ሜዳ ላይ፣ ጫማ አድርገው፣ ጤነኛ ወጣቶች ሲራመዱ ከሆነ፣ ኮንጎ ጫማ አድርገው ጭነት ተሸክመው ቁልቁለት ለሚወርዱ የስልሳ ዓመት እናት የሚሰጠው ቁጥር ግምት ላይ የተደረበ ግምት ነው። ማዕዘኑን፣ ፍጥነቱንና የእርምጃ ብዛቱን እመኑ። ሞመንቱን በጥርጣሬ ያዙት።

ሁለት አይፎን

ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኦፕንካፕ የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አይፎን ወይም አይፓድ ትሪፖድ ላይ ይቆማሉ። በወረቀት የታተመ ጥቁርና ነጭ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ምስል ለማስተካከያ ይቀመጣል። ሰውየው ይራመዳል፤ ቪዲዮው በኢንተርኔት ይላካል፤ እንቅስቃሴው በሦስት አቅጣጫ ተሠርቶ ይመለሳል። ለትምህርታዊ ምርምር ያለ ክፍያ ነው። ሰውነት ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። ይህ ለእኛ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥራቸው ከሙሉ ላብ ጋር ሲነጻጸር አማካይ የማዕዘን ስህተቱ 4.5 ዲግሪ፣ የሞመንት ስህተቱ ደግሞ የሰውነት ክብደት በቁመት ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር 1.2 በመቶ ያህል ነበር። ይህ ትንሽ ይመስላል። የጉልበት አዳክሽን ሞመንት ጫፍ ራሱ በዚሁ መለኪያ በብዙ ሰው ላይ 3 በመቶ አካባቢ መሆኑን ስታስቡ ግን ትርጉሙ ይገባችኋል። ሁለት ቡድኖችን ለማወዳደር፣ ወይም ሆን ተብሎ የተደረገ ትልቅ የአረማመድ ለውጥን ለማየት ይሆናል። የአንድን ሰው ትንሽ መሻሻል ለመከታተል አይበቃም። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ሥራው ይቆማል። የሞላሌ ወይም የመሐል ሜዳ ዕቅድ ያለው ሰው ቪዲዮውን የት ሆኖ እንደሚልክ አስቀድሞ ያስብ።

ሙሉ ላብ

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ኢንፍራሬድ ካሜራዎች። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ አንጸባራቂ ኳሶች። ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ኃይል የሚለካ ሰሌዳ፣ ፎርስ ፕሌት የሚሉት። አዳክሽንም ፍሌክሽንም ሞመንት፣ ጫፉም ድምሩም ከዚህ በተሻለ የሚገኝበት ቦታ የለም። ዋጋው ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከዕቃው ይልቅ የሚጎድለው ግን በየጊዜው የሚያስተካክለውና የሚያነበው ሰው ነው። ሥራ ያቆመ ላብ ጭራሽ ከሌለ ላብ ይብሳል።

ውድ ነው ማለት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ኳሱ የተለጠፈው ቆዳ ላይ ነው፤ ቆዳ ደግሞ አጥንቱ ላይ ይንሸራተታል። ሰውነታቸው ሞላ ባሉ ሰዎች ይባስ ይጨምራል። ለጣፊው ኳሷን ትንሽ ዝቅ ወይም ወደ ጎን ካደረጋት የጉልበቱ መሐል ይቀየራል፤ መሐሉ ከተቀየረ ርቀቱ፣ ርቀቱ ከተቀየረ ሞመንቱ ይቀየራል። ስለዚህ ለጣፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ይሁን። የአንዱን ላብ ቁጥር ከሌላው ላብ ቁጥር ጋር አታነጻጽሩ።

ሌላው ደግሞ የሰው ጠባይ ነው። ሰሌዳው የት እንዳለ ያወቀ ሰው እሱን ለመርገጥ እርምጃውን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። አትንገሩት። ከዘራ የያዘ ሰው ከሆነ ከዘራው ሰሌዳው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ካረፈ ያ ሙከራ ይጣላል።

ከላብ በኋላ፦ ሞዴል

ሞመንት ጡንቻን አይቆጥርም ብለናል። ኦስቲዮአርትራይተስ ያለበት ሰው ደግሞ ጉልበቱ እንዳይከዳው የፊትና የኋላ ጡንቻዎቹን በአንድ ላይ ይወጥራል። ይህ መጨመቁን ይጨምራል፤ ሞመንቱ ላይ ግን አይታይም። ለዚህ ነው የኮምፒውተር ሞዴል የሚያስፈልገው። ኦፕንሲም የሚባለው በ2007 እ.ኤ.አ. ለዓለም የቀረበ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የላቡን መረጃ ተቀብሎ የጡንቻዎችን ኃይል ይገምታል፤ ከዚያ የመገጣጠሚያውን ጫና ያሰላል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ንባብ ከተጨመረበት መወጠሩንም ያገናዝባል። ካልተጨመረ ሞዴሉ ሰውየው ጡንቻውን በቁጠባ የሚጠቀም አድርጎ ይገምታል፤ የታመመ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ አይቆጥብም።

ላብ የሌለው ተማሪ እዚህ ላይ ዕድል አለው። በሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ የተለኩ እውነተኛ ንባቦች ኦርቶሎድ በሚባለው የበርሊን የመረጃ ቋት ላይ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሞዴል ሠሪዎች ጫናውን አስቀድመው እንዲገምቱ ይጋበዙበት ከነበረው ውድድር የተገኘውም የላብ መረጃ፣ ከውስጥ ንባቡ ጋር፣ በነፃ ይወርዳል። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አስራት ወልደየስ ካምፓስ ቁጭ ብሎ አንድ ላፕቶፕ ይዞ ሞዴል ሠርቶ፣ ግምቱን ከእውነተኛው ንባብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አንድም ሕመምተኛ ሳይነካ የሚሠራ ጨዋ መመረቂያ ነው።

ራጅና ኤምአርአይ ደግሞ ጫና አይለኩም። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ቆሞ የሚነሳ ራጅ የእግሩን ጉብጠት ያሳያል፤ ጉብጠቱም ከመባባስ ጋር ይያያዛል። ግን የቆመ ሰው ፎቶ ነው እንጂ የሚራመድ ሰው አይደለም።

ማን ምን ይምረጥ?

ለቤተሰብ ያለኝ መልስ አጭር ነው። አትውሰዷቸው። የሕክምናው መሠረት፣ ማለትም የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስና ስለ በሽታው ማወቅ፣ ቁጥሩ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ክትትል አውሉት።

ለክሊኒክ ባለሙያ ስልክ፣ ሰዓትና ወንበር ይበቃሉ። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ፤ አረማመድ ለማስቀየር ስታስቡ። በ2025 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሩማቶሎጂ ላይ የወጣ ሙከራ 68 ሰዎችን አሳትፎ ነበር። በሠልጣኙ ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የእግሩን ጣት ወደ ውስጥ ይመልስ ወይስ ወደ ውጪ፣ 5 ዲግሪ ወይስ 10፣ የሚለው ተለክቶ የሱን ሞመንት የቀነሰው ተመረጠለት። በአንድ ዓመት ውስጥ ከማነጻጸሪያው ቡድን ይልቅ ሕመማቸው ቀነሰ። ቁም ነገሩ መለካቱ ነው። ለአንዱ የሚቀንስለት አቅጣጫ ለሌላው ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ ከዩቲዩብ አይታችሁ «ጣትዎን ወደ ውስጥ ይመልሱ» አትበሉ።

መመረቂያ የሚሠራ ተማሪ ጥያቄው ስለ ዳገት፣ ስለ ቁልቁለትና ስለ ቀን ሙሉ እርምጃ ከሆነ ታሳሪ ሴንሰር ይምረጥ። ስለ አረማመድ ዓይነት ከሆነ ኦፕንካፕ። ስለ ጫናው አሠራር ከሆነ ክፍት መረጃና ኦፕንሲም። አዲስ ሶል፣ ጫማ ወይም የጉልበት ድጋፍ የሚሞክር ቡድን ግን ያለ ሙሉ ላብ አይጀምር። እዚያም ቢሆን የሞመንት መቀነስ ከሕመም መቀነስ ጋር አንድ አይደለም። ውጪው ጎኑ ከፍ ያለ ሶል ሞመንትን በጥቂቱ እንደሚቀንስ ታውቋል። ከተራ ጠፍጣፋ ሶል ጋር በተነጻጸረበት ጊዜ ግን ሕመም ላይ ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም።

የትኛውንም ብትይዙ የሚያበላሹ ነገሮች

ፍጥነት ዋነኛው ነው። ሰው ፈጠን ሲል ጫናው ይቀየራል። ከሕክምና በፊትና በኋላ በተለያየ ፍጥነት ከተለካ ያወዳደራችሁት ሕክምናውን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው።

ማስታገሻ ሁለተኛው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ፒሮክሲካም የወሰዱ የጉልበት ሕሙማን ሕመማቸው ቀንሶ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለው ጫና ግን ጨምሮ ተገኝቷል። ሕመም ሰውን ያስጠነቅቃል፤ ሲለቀው ደፍሮ ይረግጣል። እናም «ዛሬ ኪኒን ወስደዋል?» ሳትሉ አትለኩ።

ጫማም አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ባዶ እግራቸውን ሲራመዱ በራሳቸው ጫማ ከሚራመዱበት ይልቅ የአዳክሽን ሞመንታቸው ጫፍ በ12 በመቶ ገደማ ቀንሶ ታየ። ይህ የላብ ወለል ላይ ነው፤ ድንጋይና እሾህ ባለበት፣ የእግር ዝሆኔ በሚያሰጋበት መንገድ ባዶ እግር ሂዱ ማለት አይደለም። ለሚለካ ሰው ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፦ አንድ ቀን በበረባሶ፣ ሌላ ቀን በቆዳ ጫማ የተለካ ሰው ሁለት የተለያየ መለኪያ ነው።

ከዘራ የሚያዘው በሚያመው ጉልበት ተቃራኒ እጅ ነው። ብዙ አባቶች ግን በለመዱት እጅ ይዘው ይመጣሉ፤ መቋሚያ የያዙትም እንዲሁ። በየትኛው እጅ እንደያዙ ጻፉ። ካስተካከላችሁላቸውም ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ለየብቻ ለኩ።

የመጨረሻው በስሌት ውስጥ የሚደበቀው ነው። ሞመንት ብዙ ጊዜ ለሰውነት ክብደት ተካፍሎ ነው የሚቀርበው። ሰዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ይህ ትክክል ነው። ክብደት የቀነሰን ሰው ከራሱ ጋር ስታወዳድሩ ግን ትርፉን ይውጠዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ የአራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሳ አስልቷል። ለክብደት ብታካፍሉት ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ «ለውጥ የለም» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ያልተካፈለውንም በኒውተን ሜትር አብራችሁ ጻፉ።

ዕቃ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። የሚያነበው ኃይል ነው ወይስ ማዕዘን? ሞመንት የሚሰጥ ከሆነ አዳክሽኑንም ፍሌክሽኑንም፣ ጫፉንም ድምሩንም ይሰጣል? ያንኑ ሰው በሳምንቱ ቢለካ፣ ምንም ሳይቀየር ቁጥሩ በስንት ይለያያል? ሦስተኛውን በቁጥር ካልመለሰላችሁ ክፍያውን አትጀምሩ።